ጥፋቱ የጫማው ነውን?



በዓመት አንድ ጊዜ በሚታተመው በዚህ መጽሔታችን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ አገር ፍቅርና ስለ መልካም ጠባይ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ የምጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ ብረት ነው። ይህች ብረት በመዳፍ መካከል ተደብቃ የምትቀር ስትሆን ስሟ ኩሽኔታ ይባላል። አንዳንዱ አንባቢ «ይህ የጋራዥ ወሬ እንጂ የተማሪ ጽሑፍ ነውን?» ይል ይሆናል። እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። በዚህች ብረት ምክንያት የታናሽ ወንድሜ ክንድ ተሰብሯል፤ ጥፋቱም የእኔ ሆኖ ሳለ በጫማው ላይ ተላክኮ ቀርቷልና።

የቡታጅራ ልጅ ኩሽኔታን የሚያውቀው ፊደል ከመቍጠሩ በፊት ነው። ሁለት ጣውላ አጋጥሞ፥ ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ኩሽኔታ ከፊት አንድ ከኋላ ሁለት ሰክቶ፥ ቍልቍለቱን ሲወርድበት ያላደገ ወንድ ልጅ በሰፈራችን የለም። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ እናቶች ከየደጃፋቸው ይቈጣሉ፤ ልጁ ግን አይሰማም። እኛ ልጆች ጋሪው ሲሰበር እንኳ ኩሽኔታውን ፈልቅቀን በውስጡ ያሉትን ክብ ብረቶች ብይ እንጫወትባቸው ነበር። ካደግን በኋላም ከኩሽኔታ አልራቅንም። የባጃጁ ጐማ፥ የወፍጮ ቤቱ ሞተር፥ በገበያ ጆንያ የሚገፋበት ጋሪ፥ ሁሉም የሚዞሩት በእርሱ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። በእውነትም ራስ በትራስ ላይ እንደሚያርፍ የጐማው ዘንግ በኩሽኔታ ላይ ያርፋል።

አሁን ከእንጨቱ ጋሪ ወደ ባለ ጐማው ጫማ የተሻገርን ልጆች አለን። ጫማውን አንዳንዱ ሮለር፥ አንዳንዱም ስኬት ይለዋል። ስሙ በአማርኛ «መሳካት» ከሚለው ቃል ጋር ስለ ገጠመ ብዙ ይቀለድበታል፤ የሚወድቅበት ሰው ግን ከሚሳካለት ይበልጣል። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ. ም. «መንገድ ለሰው» የተባለው መንገዶችን ለእግረኛ የመክፈት ልማድ ከተጀመረ ወዲህ፥ መስቀል አደባባይም በ2013 ዓ. ም. ታድሶ ከተከፈተ ወዲህ፥ ይህን ጫማ አጥልቀው የሚሄዱ ወጣቶችን ማየት ብርቅ አይደለም። ወደ እኛም የመጣው ከዚያው ከአዲስ አበባ ነው።

እኔና ወንድሜ ጫማውን ያገኘነው በመርካቶ የሚነግደው አጐታችን ለመስቀል በዓል ወደ አገር ቤት በመጣ ጊዜ ነው። እንደምታውቁት በጉራጌ ምድር መስቀል ሲደርስ በየከተማው የተበተነው ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይጐርፋል፤ ባዶ እጁንም አይመጣም። አጐቴ ያመጣልን ጫማ ያገለገለ ነበር። ዓይነቱም ለዝላይና በብረት ወይም በደረጃ ጠርዝ ላይ ለመንሸራተት የተሠራው ነው። ይህ ዓይነት ጐማው ትንሽና ደረቅ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጐማ መካከልም ብረቱ የሚገባበት ክፍተት አለው። በአንዱ እግር አራት፥ በሁለቱ ስምንት ጐማ አለ። በእያንዳንዱ ጐማ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ ስለሚገባ ጠቅላላው አሥራ ስድስት ነው።

እነሆ ጥፋቴ። ኩሽኔታዎቹ አርጅተው መጮኽ ስለ ጀመሩ ሦስት ወር ገንዘብ አጠራቅሜ አዲስ ልገዛ ሄድሁ። ነጋዴው ሁለት ዓይነት አቀረበልኝ። በአንደኛው ላይ ምንም የተጻፈ ደረጃ የለም፤ በሁለተኛው ላይ ግን «አቤክ 9» የሚል በደማቅ ቀለም ታትሞበታል። ዋጋው እጥፍ ነበር። እኔም «9 ከምንም ይበልጣል» ብዬ ሳልጠይቅና ሳላስተያይ ገዛሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን እንደ እኔ ያለውን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ጥቂት ሳምንት እንደ ቈየ የበጋው አቧራ ገባበትና መንቋቋት ጀመረ። ጐበዝ ነኝና ፈትቼ በቤንዚን አጠብሁት። ካጠብሁ በኋላ ጐማውን በጣቴ መታ ባደርገው ያለማቋረጥ ዞረ። ጓደኞቼ ተሰብስበው ሰከንዱን እየቈጠሩ አደነቁኝ። ዘይትም ግራሶም አልጨመርሁበትም፤ «ቅባት ያከብደዋል» ብዬ ነበርና። እንዲህ ደርቆ ሳለ ሁለት ጊዜ ዝናብ መታው። ከዚያም አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ሳያስፈቅደኝ አጥልቆት ወጣ። ቍልቍለቱን ሲወርድ የፊተኛው ጐማ ድንገት ተያዘ፤ ልጁም በእጁ ላይ ወደቀ። ክንዱ ከእጅ አንጓው በላይ ተሰበረ።

እናቴ «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ «ድንጋይ ነው» አልኋት። ከዚያ ወዲህ ወላጆች በተገናኙበት ሁሉ «ይህ ጫማ ልጆቻችንን ሊጨርስ ነው፤ ፈጽሞ ይከልከል» የሚል ነገር ተነሣ። እናቴም ከሁሉ አስቀድማ ተናገረች። እኔ አጠገቧ ሆኜ እሰማ ነበር፤ አፌንም አልከፈትሁም።

እውነቱን የነገረኝ በሰፈራችን ባጃጅ የሚጠግን ሰው ነው። የተያዘውን ጐማ ይዤ ሄድሁና «ጋሼ፥ ይህን ፈልቅቅልኝ» አልሁት። በካቻቢቴ ሽፋኑን አንሥቶ አሳየኝ። ውስጡ በዝገት ቀልቷል፤ ብዮቹን አራርቆ የሚይዘው ቀጭን ቆርቆሮም ተሰባብሮ በመካከላቸው ተሸንቅሯል። «መቼ ነው ያቀባኸው?» አለኝ። «አላቀባሁትም፤ ያለ ቅባት ይበልጥ ይዞራል» አልሁት። እርሱም «ልጄ፥ በጣትህ ስትመታው ምን ተሸክሞ ነበር?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። «ምንም ሳይሸከም ሁሉም ይዞራል። ኩሽኔታ የሚፈተነው ሰው ሲቆምበት ነው» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚህች ትንሽ ብረት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ ጠየቅሁም። የተረዳሁትን ባጭሩ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ኩሽኔታ ማለት በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል ብዮች የተደረደሩበት ዕቃ ነው። የውስጡ ቀለበት ዘንጉን ይይዛል፤ የውጭው ከጐማው ጋር ይዞራል፤ ብዮቹም በመካከል እየተንከባለሉ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋጭ ያደርጋሉ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1794 ዓ. ም. ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው ለሠረገላ ዘንግ ይህን መሳይ ሥራ በስሙ አስመዘገበ። በ1884 ዓ. ም. ደግሞ ሌቫንት ሪቻርድሰን የተባለ አሜሪካዊ ባለ ብዩን ኩሽኔታ በባለ ጐማ ጫማ ውስጥ አገባው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1943 ዓ. ም. የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሽቫይንፉርት የምትባለውን የጀርመን ከተማ ሁለት ጊዜ የደበደቡት የኩሽኔታ ፋብሪካዎች ስለ ነበሩባት ነው። ኩሽኔታ የሌለው ጦር አውሮፕላኑም ታንኩም አይንቀሳቀስምና። እንግዲህ ዕቃው ትንሽ ነው ብሎ መናቅ አይገባም።

በጫማችን ውስጥ የሚገባው ልኩ 608 ይባላል። የውስጥ ቀዳዳው 8 ሚሊሜትር፥ ከዳር እስከ ዳር 22 ሚሊሜትር፥ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው። ሲገዙ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ይህ ልክ ነው። አቤክ የተባለው ግን የአሜሪካ የኩሽኔታ መሐንዲሶች ኮሚቴ ያወጣው መመዘኛ ሲሆን ደረጃዎቹ 1፥ 3፥ 5፥ 7ና 9 ናቸው። ቍጥሩ ከፍ ሲል ቀለበቶቹ የተሠሩበት ልክ ይበልጥ የተጠነቀቀ ነው ማለት ነው። ስለ ብረቱ ጥንካሬ፥ ስለ ቅባቱ፥ ስለ መሸፈኛው ወይም ዝላይን ስለ መቻሉ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ቦንስ የተባለው የስኬትቦርድ ኩሽኔታ የሚሠራው የአሜሪካ ኩባንያም በዚህ ምክንያት የአቤክን ቍጥር በዕቃው ላይ አያትምም።

እስኪ በሒሳብ እንየው። የጫማዬ ጐማ ከዳር እስከ ዳር 58 ሚሊሜትር ነው። ይህን በ3.14 ስናባዛው ዙሪያው 182 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። አንድ ልጅ በሰዓት 20 ኪሎሜትር ቢፈጥን በደቂቃ 333 ሜትር ይሄዳል፤ ጐማውም በደቂቃ 1,830 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ተራው 608 ኩሽኔታ ግን በደቂቃ ከ20 ሺህ ዙር በላይ እንዲችል ተደርጎ የሚሠራ ነው። እንግዲህ የዕቃውን ችሎታ አንድ አሥረኛውን እንኳ ሳንጠቀምበት ለበለጠው ቍጥር እጥፍ ዋጋ መክፈል ምን ይባላል? በዝላይ ጫማ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከደረጃ ዘለን ስናርፍ ብዮቹ በቀለበቱ መንገድ ላይ እንደ መዶሻ ይመታሉ፤ ትንንሽ ጐድጓዳ ምልክትም ይተዋሉ። ይህን የሚያስቀር ቍጥር የለም። ስለዚህ ለዝላይ የሚሻለው ዋጋው መካከለኛ የሆነ፥ ሲያረጅ ያለ ጸጸት የሚለወጥ ኩሽኔታ ነው።

ለእኛ አገር ከቍጥሩ ይልቅ የሚያስፈልገው መሸፈኛው ነው። የብረት መሸፈኛ ከውስጡ ቀለበት ጋር ስለማይነካካ ደቃቅ አቧራ ያስገባል። የጐማ መሸፈኛ ግን ስለሚነካ በእጅ ሲያዞሩት ከበድ ይላል፤ አቧራና ውሃን ግን የተሻለ ይከላከላል። የበጋችንን አቧራና የክረምታችንን ጭቃ የሚያውቅ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ አያጠያይቅም። መሸፈኛው በመርፌ ተነሥቶ መልሶ የሚገጠም ቢሆን ደግሞ እጅግ መልካም ነው፤ ሳይፈለቀቅ የሚታጠብ ኩሽኔታ የለምና።

አጠባውም እንዲህ ነው። አንደኛ፥ መሸፈኛውን ቀስ ብሎ አንሥቶ ለብቻው በሳሙናና በውሃ ማጠብ፤ ጐማው በቤንዚን ያብጣልና። ሁለተኛ፥ ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን ማጠብ፤ ይህም ከከሰል ምድጃ ርቆ፥ በውጭ አየር ላይ፥ ትልቅ ሰው ባለበት ይሁን። ሦስተኛ፥ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ፈጽሞ እስኪደርቅ መተው። አራተኛ፥ እኔ የዘለልሁት እርሱ ነው፤ የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ወይም ትንሽ ግራሶ ማግባት። ዘይት ያቀላል፥ ቶሎ ግን ይደርቃል፤ ግራሶ ጥቂት ያከብዳል፥ ብዙ ግን ይቈያል። በዝናብ የሄዱበትን ጫማ ደግሞ ሳያደርቁና ሳያቀቡ ማሳደር ኩሽኔታውን ለዝገት አሳልፎ መስጠት ነው።

ካጠቡትና ካቀቡት በኋላ በጣት ሲያዞሩት አሸዋ እንዳለበት የሚንቋቋ፥ ወደ ጐን የሚወላወል፥ ወይም ዝገት የታየበት ኩሽኔታ ዘመኑ አልቋል፤ መለወጥ አለበት። ሁሉንም አሥራ ስድስቱን አንድ ጊዜ መለወጥ ግን ግዴታ አይደለም። የተበላሸውን ብቻ ለውጦ፥ የተነሣውን ለሰፈር ሕፃናት ጋሪ መስጠት ይቻላል። አዲሱን ወደ ጐማው ስናስገባ መግፋት የሚገባን የውጭውን ቀለበት ነው። የውስጡን ከገፋነው ኀይሉ በብዮቹ በኩል ስለሚያልፍ ገና ሳይሠራ እንጎዳዋለን። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የምትገባው አጭር ቱቦም እንዳትረሳ። እርሷ ከሌለች ቡሎኑን ስናጠብቅ የውስጥ ቀለበቶቹ ወደ ጐን ተጨቍነው ጐማው ይያዛል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው በዚህ ሥራ የሚቸኵል ሰው ብዮቹን ከመሬት ሲለቅም ይውላል።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው አሳቤ ልመለስ። አንዳንድ ወላጆች «ጫማው ይከልከል» ሲሉ ከፍቅር የተነሣ መሆኑን አውቃለሁ፤ የወንድሜን ለቅሶ ሰምቻለሁና አልፈርድባቸውም። ነገር ግን በበኩሌ መከልከሉን አልደግፍም። የተከለከለ ልጅ ጫማውን አይጥለውም፤ ይደብቀዋል። ተደብቆም ወላጅና መምህር በማያዩት ቦታ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና የሚያልፈው ከባድ መኪና በሚበርበት አስፋልት ዳር ይሄድበታል። የደበቀውን ጫማ ደግሞ ማን ያይለታል? ኩሽኔታው እንደ ደረቀስ ማን ይነግረዋል? ቢስክሌት የሰበረው ሰው በየከተማው ሞልቷል፤ ቢስክሌት ይከልከል ያለ ግን አልሰማሁም። ፍሬኑን እየው፥ ዳዶውን አጥብቅ ነው የሚባለው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። መምህራንን የምለምነው፥ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት በሌለበት ሰዓት የኳስ ሜዳችንን ሲሚንቶ ለአንድ ሰዓት እንድትፈቅዱልን ነው። አንድ መፍቻ፥ አንድ ካቻቢቴና አንድ ጣሳ ዘይት ቢኖር ጫማው ሳይፈተሽ ማንም ወደ ሜዳ እንዳይገባ እኛ ትልልቆቹ ተማሪዎች ኀላፊነቱን እንወስዳለን። በክፍል ስለ ሰበቃ ኀይል የተማርነውንም በዚያ በእጃችን እናየዋለን። ወላጆችን የምለምነው፥ ለልጃችሁ ጫማ ስትገዙ የራስ ቍርና የእጅ አንጓ መከላከያ ጨምሩበት። ገንዘቡ ካነሰ የኩሽኔታውን ቍጥር አሳንሳችሁ መከላከያውን ግዙ። ወንድሜ የእጅ አንጓ መከላከያ አልነበረውም፤ እኔ ግን «አቤክ 9» ገዝቼ ነበር። ጓደኞቼንም የምለምነው፥ ጐማ በጣት አዙራችሁ ሰከንድ በመቍጠር አትታለሉ። ያ ውድድር የሚያሳየው ቅባት ማነሱን እንጂ ደኅንነቱን አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለደረስን ለእኛም ነገሩ ምሳሌ ይሆነናል። በላያችን የሚታተመው ቍጥር አስፈላጊ ቢሆንም፥ ሸክም ሲመጣ የሚታየው ውስጣችን ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ከመስጠቴ በፊት ማታ ለእናቴ አነበብሁላት። «ድንጋይ ነው» ያልሁበት ላይ ስደርስ ድምፄ ተያዘ። እርሷ ግን ዝም ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ከዚያም «ድንጋይ በዚያ ቍልቍለት ላይ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁህ» አለችኝ። ከዚህ የከበደ ቅጣት ተቀጥቼ አላውቅም።

የወንድሜ ክንድ ድኗል፤ ጀሶውም ተፈቷል። ጫማው ግን እስካሁን ከአልጋ ሥር ነው። እናቴ «መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ የሚለውን እንስማ» ብላለች። አሥራ ስድስቱንም ኩሽኔታ ከወንድሜ ጋር ፈትተን፥ አጥበንና አቅብተን፥ አምስቱን ለውጠን ገጥመናቸዋል። እርሱ አሁን ከእኔ ይልቅ ይጠነቀቃል፤ ብዮቹን አንድ በአንድ እየቈጠረ ሰባት መሆናቸውን ካላረጋገጠ መሸፈኛውን አይመልስም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፥ ጥፋቱ የጫማው ነውን? እኔ የማውቀውን ተናግሬአለሁ። ፍርዱ የእናንተ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው እንዲፈቀድልን በትሕትና እየለመንሁ፥ ለሁላችንም ማስተዋልን ይስጠን በማለት ጽሑፌን እደመድማለሁ።